የአጓት ቦቴ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሼናንጎ ሸለቆ፣
ጭጋጉ ከወንዙ እንደ ጥጥ ተላቆ፣
ከፋብሪካው ጓሮ ቱቦ እሰካለሁ፤
ሃያ ሺህ ሊትር አጓት እቀዳለሁ።

የፊቱ በር ለወተት፣ የኋላው በር ለእኔ፤
እሱ በክብር ይገባል፣ በሚዛን፣ በምርመራ፤
እኔ ከዘበኛው ከሮስኮ ጋር ስለ በረዶው አውርቼ
ሹልክ እላለሁ፣ ያለ ስም፣ ያለ ተራ።

አንድ ሌሊት ኢንግሪድ፣ የቅምሻ ክፍሏ፣ አስገባችኝ፤
ፀጉሬን በመረብ፣ ጺሜን በመረብ አሰረችኝ።
«መጀመሪያ» አለች «ቅባቱ ይወጣል፣
በሌላ መኪና ቅቤ ሊሆን ይሄዳል።
የቀረው ይግላል፣ ደግሞ ይበርዳል፤
ለብ ሲል እርሾው ይለቀቅበታል፣
ዓይን የማያየው መንጋ ስድስት ሰዓት ይግጣል፤
መንጋው ሲጠግብ ወተቱ ይረጋል።»

ከዚያ ማሽኑ ጋ ደረስን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ?
ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ ነው ያየሁት፦
እርጎውን ሲያዞረው፣ ሲያዞረው፣ ሲያዞረው፣
ጠጣሩን ለኩባያ፣ ውሃውን ለቱቦ ሲያካፍለው።
ከአራት ሊትር ወተት አንዱ ነው የሚተርፈው፤
ሦስቱ የእኔ ነው፣
ብጫው፣ ኮምጣጣው፣ ጣዕም የሚመርጥለት የሌለው።
ወንዝ ቢደፉት ዓሣው ትንፋሽ ያጣል፤
ስለዚህ ወደ ኦርቪል ማሳ፣ ወደ ላሞቹ ገንዳ ይመለሳል።

«ቅመስ» አለችኝ። ባዶው እርጎ እንደ ኖራ ምላስ ያደርቃል።
ከጠርሙስ አንጠባጠበች፦ የቅጠል ጭማቂ፣
ከስኳር ሁለት መቶ እጥፍ የሚጣፍጥ፣ ካሎሪ የማያውቅ፤
ፔክቲን ጨመረች፣ ማንኪያ ላይ እንዲቆም፤
ከካሮት የወጣ ቀለም፤
በመጨረሻ አንዲት ጠብታ፦ ኮክ።
ዛፍ አልነበረም። ፍሬ አልነበረም።
ክፍሉ ግን ባንዴ የፍሬ ወራት ሆነ፤
ንብ ፍለጋ ዞር አልኩ።

«ግሪክ የሚባለው የቱ ጋ ነው?» አልኳት፣ እንደ እርጎ ዝንብ ጥልቅ ብዬ።
«ማጥለሉ ነዋ» አለች። «ሌላው ሁሉ የዚሁ አገር፤
ያቺ ጠብታ ብቻ ከኒው ጀርሲ።»

ንጋት ላይ ቤት ስገባ ማርሊስ ነቅታለች፤
ጣቷን ወግታ፣ የስኳሯን ቁጥር አይታለች፤
ኩባያውን ከፍታ ክዳኑን ትልሳለች፣
ክዳን መላስ ገና አልተከለከለችም።
«ዌንደል፣ መነጽሬ ጠፋ። ምን ምን አለበት?»

አነብላታለሁ፦ ቅባት የለሽ ወተት፣ ውሃ፣ ኮክ፣ ፔክቲን፣
እርሾው ከነሙሉ ስሙ፣ እንደ ክርስትና ልጅ፣
ሰማንያ ካሎሪ።
የገባው ሁሉ ተጽፏል፤ የወጣውን የጻፈ የለም።
ቅቤው የት ደረሰ? አጓቱስ በማን ትከሻ?
ኩባያውን አገላብጬ አየሁት፤
ታቹ የማለቂያው ቀን ብቻ ነው።

«እንዴት ነው?» አልኳት።
«ኮክ ኮክ ይላል» አለች። ቆየችና፣ «ኮክ ግን አይደለም።
ይሁን፣ ሐኪሙ እኔንም እያጠለለኝ ነው፤
ኬክ ሄደ፣ ጨው ሄደ፣ ዳቦዬ ያለ ቅቤ፤
ያልቀነሰብኝ ባል ብቻ ነው፣
እሱም ሌሊት ሌሊት ይወጣል።»

ሳቅን። እጄን ታጠብኩ፤
ኮምጣጣው ሽታ ግን ከጥፍሬ አይለቅም።

በማግስቱ ሌሊት ከዳገቱ ማዶ መብራት መጣ፤
የኦርቪል ወተት ነው፣ ወደ ፊተኛው በር።
አጓቴን የጠጡ ላሞች የሰጡት፣
ባለፈው ሳምንት ይሁን ባለፈው ወር፣ ማን ያውቃል።
መብራቱን ብልጭ አደረገልኝ፤ እኔም ብልጭ አደረግሁለት፤
የሹፌሩን ፊት እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ማርሊስ ከምሳዬ ጋር አንድ ኩባያ ከታልኛለች።
ቁልቁለቱ ሥር አቁሜ ከፈትኩት፤
ማንኪያ ረስታለች።
ክዳኑን ላስኩት።